ዓለም ስንት ጊዜ ትጠፋለች

«ወላሂ፣ መጽሐፉን ይዤ ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ደርሼ ስመለስ እነዚያ ሰዎች ገና ከመተሐራ አልወጡም!» አለ የከባድ መኪና ሾፌሩ አብራር። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

ራኬብ ቀና አላለችም። አባቷ መምህር ሀብተ ሥላሴ ከተቀበረ ወዲህ የአዋሽ ሰባት ለቀስተኛ ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ጡብ የሚያህል ልቦለዱ ላይ ነው። «ከጨው በኋላ» ይላል ርዕሱ። ዓለም ስታልቅ የተረፉ ሰዎች የደረቀውን ወንዝ ተከትለው ቁልቁል ይጓዛሉ። እሳት ባነደዱ ቁጥር አንድ አዲስ ሰው ይመጣና «እንዴት ሆነ?» ይላል። መሪያቸው አሮጊትም የዓለምን መጨረሻ ከሥሩ ጀምራ ትተርክለታለች።

«እግዜር ዓለምን የሚያጠፋት አንዴ ነው፤ ሀብተ ሥላሴ ግን በየምዕራፉ አጠፋት» አሉ ሮማነወርቅ፣ ከሟቹ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያረጁት መምህርት።

«እትዬ ሮማን፣ ዘለው ዘለው ነው እንዴ ያነበቡት?» አለ ከድሩ። ሻይ ቤቱን ዘግቶ ለድንኳኑ ሻይ የሚያመላልስ የወሎ ሰው ነው።

«ምን በወጣኝ! አንድ መስመር ሳላስቀር አንብቤ ነው የተናደድኩት።»

ራኬብ በልቧ ከሮማነወርቅ ጋር ነበረች። አዲስ አበባ ያለ አሳታሚ መጽሐፉን ደግሞ ሊያትመው ፈልጓል፤ የተደጋገመው ከተቆረጠ ብቻ። መልሷን የሚጠብቀው ዛሬ ነው፤ እሷም እሺ ልትል ወስናለች። ኖርዌይ ስትማር አባቷ በስልክ ያነብላት ነበር። «አባ፣ ይኼን እኮ ነግረኸናል፤ ቁረጠው» ትለዋለች። እሱ ይስቅና «በረዶው እንዴት ነው?» ብሎ ወሬውን ይለውጣል። ተመልሳ ሰመራ ማስተማር ስትጀምርም ክርክሩ ቀጠለ። እሱ አልተረታ፣ እሷም አልተረታች።

ጎረቤታቸው ሱልጣና ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘቻት።

«አብሽሪ ልጄ። እንዴት ሆነ?»

«ልቡ ነው።» ለሁሉም የምትለው ይህንኑ ነው።

«እሱንማ ሰማሁ። እንዴት ሆነ?»

ራኬብ ተነፈሰች። «ልጠይቀው መጥቼ ነበር። ከትምህርት ቤት መጣ። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ፤ በዚያው ቀረ።»

«ምንም ሳይል?»

«ምንም… አይ፤ ‹ራኪዬ› አለኝ። ልጅ ሳለሁ ነው እንደዚያ የሚጠራኝ። አሁን ገና ትዝ አለኝ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ ያልወጣ እንባ ነበር። ሱልጣና አቀፈቻት።

ከድሩ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጽሐፉን ሊቆርጡት ነው አሉ?» አላት።

«የተደጋገመውን ብቻ ነው፣ ጋሽ ከድሩ።»

«መቼ ተደገመ?» አለ ከድሩ ድምፁ ከፍ ብሎ። «አሮጊቷ መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ቀረ ብቻ ነው የምትለው። ሌላው ሲጠይቃት የሸሹበትን መንገድ ትጨምራለች። ልጇን የት እንደቀበረች እስክትናገር ስንት ሰው ጠየቃት! ማንም ባይጠይቃት ይዛው ትሞት ነበር።»

«እኔንስ ስንት ሊትር ናፍጣ አስፈጀችኝ!» አለ አብራር ከወዲያ።

ስልኳ ጠራ። አሳታሚው ነበር።

«እንዳለ ይታተም» አለችው።

«አንባቢ ይሰለቻል፣ ራኬብ።»

«አውቃለሁ። ገሚሱ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተሰላችቶ ተቀምጧል።»

«ሳይቆረጥማ እኛ አንገባበትም።»

«እንግዲያው ይቅር» ብላ ስልኩን ዘጋችው። አባቷን ሲጨቀጭቅ የኖረ አፏ ይህን በማለቱ ራሷም ተገረመች።

ከሰመራ የመጣው ሚኒባስ ያወረደው አንድ ሰው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ አቧራውን ያራግፋል፤ ሙሐመድሰዒድ ነው፣ የሟቹ የድሮ ባልደረባ። ለሁሉም እጅ ነሳና «እንዴት ሆነ?» አለ።

ከድሩ ሊያሳርፋት ብሎ «ልቡ ነው…» ሲል ራኬብ አቋረጠችው። አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችና የለቀቀችውን ቦታ በመዳፏ ጠረገችለት።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች። «ከትምህርት ቤት እየመጣ ነበር…»