ሲየራ ሃያ፣ እዚያው ጠብቂ

አባቦራ ጡረታ የወጡ ሰሞን መግቢያ መውጫው ጠፍቷቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ማማ ላይ ተቀምጠው ከአብራሪዎች ጋር ሲነጋገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን አወቱ መንደራ ሰፈር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ሲቀመጡ የሚያናግሩት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዙቤይዳን ብቻ ሆነ። ወይዘሮዋ ደግሞ "ሰውዬ፣ እኔ አውሮፕላን አይደለሁም፤ ቀስ ብለህ አናግረኝ" እያሉ ያሾፉባቸዋል።

ልጃቸው ሳቢሃ ላፕቶፗን ይዛ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ሳቢሃ ፋርማሲስት ናት። አብራሪ ለመሆን ተመኝታ፣ የዓይን ምርመራው ላይ ወድቃ ቀርታለች። ቁጭቱ ስላልለቀቃት ኮምፒውተሯ ላይ የበረራ ሲሙሌተር ጭና፣ መሪ ዱላ ከአዲስ አበባ አስመጥታ፣ ከሥራ መልስ በስክሪን ላይ ትበራለች።

"አባ፣ ይምጡና ይሞክሩት" አለቻቸው።

ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ መቼ በርሬ አውቃለሁ? የኔ ሥራ መናገር ነው። አንቺ ብረሪ፣ እኔ አናግርሻለሁ።"

እንዲህ ተጀመረ። ሳቢሃ ጓዳ ትቀመጣለች፤ አባቷ ሳሎን ውስጥ ካርታ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ስልኩን በጆሯቸው አድርገው ያናግሯታል። የመጀመሪያ ቀን የጊቤን ሸለቆ በዓይኗ እያየች፣ ወንዙን ተከትላ ልትመጣ ስትል ተቆጧት። "ጉም ሲወርድስ ምን ልታዪ ነው? በመሣሪያ ብቻ ነው የምትመጪው። የበረራ ዕቅድሽን ሳታስገቢም ሞተር አታስነሺም!" ከዚያ ወዲህ ከየት እንደምትነሳ፣ በየትኛው መስመርና በምን ያህል ከፍታ እንደምትመጣ፣ ጅማ በደመና ቢዘጋ ወዴት እንደምትዞር አስቀድማ ማሳወቅ ግድ ሆነባት። መጠሪያም አወጡላት። በአብራሪዎች ፊደል 'ኤስ' ሲየራ ስለሚባል፣ የስሟን መጀመሪያ ወስደው "ሲየራ ሃያ" አሏት።

የሬዲዮው ወግ በእንግሊዝኛ ነው። ሲናደዱ ግን አማርኛውም ኦሮምኛውም ይደባለቃል።

"ሲየራ ሃያ፣ ወደ አሥር ሺህ ጫማ ውረጂ።"

"እሺ።"

"እሺ ምንድነው? ማሎ፣ ኢንተላ ኮ፣ እባክሽ ልጄ፣ ድገሚው! ያልተደገመ ቃል ከተራራ ጋር ያላትማል።"

"ወደ አሥር ሺህ ጫማ እወርዳለሁ፣ ሲየራ ሃያ።"

ድምፃቸው ወፍራም፣ የረጋ ነበር። አንድ ጊዜ ገበያ መሃል አንድ የማታውቀው ሽማግሌ፣ አባቷ ከነጋዴ ጋር ሲከራከሩ ሰምቶ ዘወር አለና "ጅማ ታወር! መልክዎን ዛሬ ገና አየሁት" ብሎ አቅፏቸው ያውቃል። በዝናብ ስንት ጊዜ ያወረዱት አብራሪ ነበር። ሳቢሃ ያን ቀን የተሰማት ኩራት እስካሁን አለ።

ቡና በሚለቀምበት ወራት ያ ድምፅ ሻከረ። "የማና ወረዳ መንገድ አቧራ ነው" አሉ። አቧራው አለፈ፣ ሻካራነቱ ግን ባሰ። ሳቢሃ ልቧ ስለፈራ መጀመሪያ እዚሁ ጅማ ሐኪም ቤት፣ ኋላም አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ሳያድበሰብስ ነገራቸው። ጉሮሯቸው ውስጥ ያለው እባጭ ካንሰር ነው፤ የድምፅ ሳጥኑን ይዞታል፤ በጨረር የሚመለስ አይደለም፤ ሳጥኑ በሙሉ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በአንገታቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ እንጂ እንደ ወትሮው አይናገሩም።

"ካልወጣስ?" አሉ አባቦራ።

"ዕድሜ አይሰጥዎትም" አለ ሐኪሙ።

ጅማ ሲመለሱ "አስብበታለሁ" ብለው ነገሩን ዘጉት። ደዶ ካለው ወንድማቸው ማርና ጥቁር አዝሙድ አስልከው በየጠዋቱ ይቀምሳሉ። ዘመድ "ሕክምናው መቼ ነው?" ሲላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ወይዘሮ ዙቤይዳ አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ።

"እኔ ያገባሁት ሰውየውን ነው፤ ድምፁን አላህ ከፈለገ ይውሰደው!"

"አንቺ አታውቂውም ዙቤይዳ" አሉ አባቦራ፤ ድምፃቸው እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። "ያለሱ እኔ ምኑ ነኝ?"

በማግሥቱ እንደ ልማዳቸው ካርታቸውን ዘርግተው "ሲየራ ሃያ፣ ዛሬ ከየት ነሽ?" ብለው ጠሯት። ሳቢሃ ጓዳ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫዋን በእጇ ይዛ ብዙ አሰበች። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነችና ሳሎን ወጣች።

"ሲየራ ሃያ አትነሳም" አለች።

"ለምን?"

"ተቆጣጣሪዋ ታመዋል። ታክመው እስኪድኑ ድረስ አልነሳም።"

አባቦራ ቀና ብለው አዩዋት። መቆጣት የፈለጉ ይመስል ነበር፤ ግን ካርታውን አጣጥፈው በረንዳ ወጡ። ሳቢሃ እንባዋን የለቀቀችው ፋርማሲ ገብታ፣ የመድኃኒት ካርቶን መሃል ቆማ ነው። ከአባቷ እጅ ላይ የቀረውን አንድ ደስታ በገዛ እጇ እንደነጠቀች ታውቃለች። የሚበሩበት ሰዓት ሲደርስ ሁለቱም በየፊናቸው ይቁነጠነጣሉ፤ እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ እሳቸው የተጠረገውን ግቢ ይጠርጋሉ። ሳምንታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጡ "ቀን አስይዢ" አሏት።

ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳቢሃ ላፕቶፗን ከፈተች። ከቦሌ ወደ ጅማ ዕቅዷን አስገባች። በሲሙሌተሩ ጅማ ላይ ዝቅ ያለ ደመናና ዝናብ አደረገች። አባቷ ሙሉ መስመሩን ፈቀዱላት፤ ደገመችው። ወሊሶን አለፈች፤ ጊቤን ከደመና በላይ ተሻገረች። ሻካራው ድምፅ በጆሮዋ ውስጥ ቅርብ ነበር። ለመውረድ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትል ቀደሟት።

"ሲየራ ሃያ፣ እዚያው ጣቢያው ላይ እየዞርሽ ጠብቂ።"

"እየዞርኩ እጠብቃለሁ፣ ሲየራ ሃያ። ምክንያቱ ምንድነው?"

ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ከዚያ "ትራፊክ አለ" አሏት።

ሰማዩ ላይ ከእሷ በቀር አንድም አውሮፕላን አልነበረም። ሳቢሃ ገባት። አንዴ ዞረች፤ ደግማ ዞረች። በየዙሩ አንድ ነገር ይጠይቋታል፤ አቅጣጫዋን፣ ከፍታዋን፣ ደመናው ውስጥ ናት ወይስ በላዩ። የሚያውቁትን ሁሉ ጠየቋት።

"ነዳጅሽስ?"

"ብዙ አለኝ፣ አባ።"

"አባ የሚባል ጣቢያ የለም።"

"ብዙ አለኝ፣ ጅማ።"

"ጥሩ። ጠብቂ።"

ወይዘሮ ዙቤይዳ መተላለፊያው ላይ ቆመው ግራና ቀኝ ያያሉ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዷ ጓዳ፣ ሁለቱም እያለቀሱ ስለ ነፋስ ይነጋገራሉ። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ አልጠሯቸውም።

አዛኑ ሲያበቃ አባቦራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሲየራ ሃያ፣ ለማረፍ ተፈቅዶልሻል።" የመጨረሻው ቃል ተሰነጣጥቆ ወጣ። ሳቢሃ ደገመችው። ከደመናው ስትወጣ መንደርደሪያውን በእንባዋ መሃል በደንብ አላየችውም፤ ጎማው ሁለት ጊዜ ነጥሮ አረፈ። በማማ ሕግ የሌለ ቃል ሰማች።

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ።"

ሕክምናው ተሳካ፤ አልሀምዱሊላህ ተባለ። አባቦራ አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጠያቂ ሲመጣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ይመልሳሉ። ሳቢሃ ጥቂት ጠብቃ በስልክ በጽሑፍ እንዲመሯት ለመነቻቸው። አንድ ቀን እሺ አሉ። ጣታቸው ፊደል እየፈለገ፣ "ውረጂ" የሚለው ሲደርሳት የምትወርድበትን ቦታ አልፋዋለች። "ወደ ግራ" ሲሉ ተራራው ፊቷ ነበር። አውሮፕላኑ ስክሪኑ ላይ ሲከሰከስ አባቦራ ድምፁን ሳሎን ሆነው ሰሙ። ስልኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ፤ ዳግመኛ አልሞከሩም።

እሷም አንድ ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያቀርበውን ተቆጣጣሪ ከፈተችው። ፈጽሞ የማይሳሳት፣ የማይቆጣ፣ የማይደክም የማሽን ድምፅ ነበር። አባቷ መጥተው የጓዳውን በር በዝግታ ዘጉት። ሳቢሃ ፕሮግራሙን አጠፋች፤ ከዚያ ወዲህም አልበረረችም።

ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳት። 'ባላስገድዳቸውስ? ጊዜያቸው እስኪደርስ እየተናገሩ ቢኖሩስ?' ለእናቷ ብትነግራቸው "አስተግፊሪ፣ አላህን ምሕረት ለምኚ!" ብለው ተቆጧት፤ እሷ ግን አልቀለላትም።

አንድ ጁምዓ አባቷ ከመስጊድ ተመልሰው በረንዳ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ሥር ሄዳ ቁጭ አለች።

"አባ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ድምፅዎን የወሰድኩብዎ እኔ ነኝ።"

አባቦራ ስልካቸውን ለመጻፍ አላነሱም። የአንገታቸውን ጨርቅ ገለጡና እጇን ይዘው፣ መዳፏን ከቀዳዳው ፊት አደረጉት። ሞቃት ትንፋሽ መዳፏን ነካ፤ ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። ሳቢሃ እጇን ልታነሳ ስትል ያዝ አደረጉት።

ወይዘሮ ዙቤይዳ ምሳ ቀርቧል ሊሉ በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱ፤ ምግቡን ከደኑት።