የጋን ማጠቢያው ግራዋ

የቅኔ ተማሪ አይሞኝም የሚል ሰው ካለ፣ አንኮበር መጥቶ ጎረቤቴ ሆኖ አልኖረም ማለት ነው። እኔ አልታየች ፊደል አልቆጠርሁም። ግን ቤቴ ከየኔታ ገብረአማኑኤል ጉባኤ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነውና፣ ስንቱ ሊቅ ደጄ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ጠላ ጠማቂ ነኝ። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ጠጪው ስለሳሳ፣ የቀረኝ ወዳጅ ተማሪ ነው።

ከሁሉም የማዝንለት ወልደአረጋይ የሚባል የእነዋሪ ልጅ ነበር። ልጅ ስል ጢሙ ደረቱን የነካ ሰውዬ ነው። አባቱ ቄስ፣ አያቱ መርጌታ፤ እሱ ግን ሦስት ክረምት ሙሉ ጉባኤ ቃና እንኳ፣ ከቅኔ ሁሉ ትንሿ፣ አልሞላ ብላው ቀረች። በሐምሌ አጋማሽ የኔታ ጠርተው «በደብረ ታቦር ዕለት በጉባኤ ፊት ካልሞላህ፣ አገርህ ግባና እርፍ ጨብጥ» አሉት። ደብረ ታቦር የተማሪ በዓል ነው፤ ጠላውን የምጠምቅላቸውም እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጋን እያጠብሁ ሳለሁ መጣ።

«እመት አልታየች፣ ስንቅ ይቋጥሩልኝ።»

«ወዴት ልትሄድ?»

«ደብረ ብርሃን ገበያ። አንድ ደብተራ አብሾ ይሸጣል አሉኝ።»

የያዝሁት ግራዋ ከእጄ ወደቀ። አብሾ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል እያለ የሚጠጣው ቅጠል ነው። የታላቅ ወንድሜን የዘርአ ዳዊትን አእምሮም ከፍቶለት ነበር፤ ተመልሶ የዘጋው ግን የለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ከግድግዳ ጋር ሲከራከር፣ በእጄ አጉርሼ በእጄ የቀበርሁት እኔ ነኝ። ይህን ለወልደአረጋይ አልነገርሁትም። ምክር ለተማሪ ውኃ በወንፊት ነው። ዋሸሁት።

«ደብረ ብርሃን ድረስ ምን አንከራተተህ? አብሾስ እኔም ቤት አለ።»

«እውነትዎን ነው?»

«ጾሙ ሳይገባ ሰባት ጠዋት ትጠጣለህ፤ በባዶ ሆድ፣ ፊትህን ወደ ምሥራቅ አዙረህ። ለሰው ከተናገርህ ግን ይሽርብሃል።»

በነጋታው ያንኑ ጋን የማጥብበትን ግራዋ ጨምቄ፣ በውኃ አቅጥኜ፣ ጥቂት ተልባ ጣል አድርጌበት በዋንጫ ሰጠሁት። የምለው ባጣ «ይግለጽልህ» አልሁ። ፊቱን አጨማድዶ ጨለጠው። ወንድ፣ ያውም የተማረ፣ ጋን በምን እንደሚታጠብ የት ያውቃል? ዕድሜውን ሙሉ ከጋን ሲጠጣ፣ ማን አጠበው ብሎ አልጠየቀም።

በአምስተኛው ቀን ከጉባኤ ቤቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉ ሰማሁ። ቅኔ ሲያምር እንዲያ ነው የሚሉት። ወልደአረጋይ አጥሩን ዘሎ መጣና ጉልበቴን ሳመኝ።

«ተነስ፣ ጋኔን ትሰብራለህ» አልሁት፤ ከማለቅስ ብዬ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት? ግን ምስጢር የያዘ ተማሪና ቀዳዳ ስልቻ አንድ ናቸው። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከቅዳሴ መልስ አራት ተማሪዎች ዋንጫቸውን ይዘው ደጄ ላይ ተሰለፉ። አምስተኛው፣ ይሁኔ የሚባለው ምላሰኛ፣ ዋንጫ አልያዘም፤ ከጉያው ቋጠሮ አውጥቶ አሳየኝ።

«የእርስዎ ለሁላችን አይበቃም ብዬ ከደብተራው ገዛሁ። ካነሳቸው ለእነሱም አካፍላለሁ።»

አሸተትሁት። ያን ሽታ እስከ መቃብር አልረሳውም።

ብናገር ወልደአረጋይ ሊሰበርብኝ ነው። ዝም ብል ይሁኔ ዘርአ ዳዊትን ሊሆን ነው። በቀጥታ ወደ የኔታ ሄድሁና ሁሉንም ዘረገፍሁት። ይቆጣሉ ስል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አልታየች፣ የዛሬውን ጉባኤ አንቺ አስተምሪ» አሉኝ።

«እኔ? ሀሁ የማልለይ?»

«ሀሁ የለዩት አይደሉም እንዴ የጋን እጣቢ ሊጠጡ የተሰለፉት!»

ጉባኤው መካከል ቆሜ ለአራቱ ቀዳሁላቸው። ጨለጡ። «እህ፣ ምን ተሰማችሁ?» አልኋቸው።

«ራሴን ሞቀኝ» አለ አንዱ።

«እኔ ኮከብ አየሁ» አለ ሌላው።

«በጠራራ ፀሐይ?»

«በጠራራ ፀሐይ!»

ሦስተኛው የረሳው ዳዊት ሁሉ ትዝ አለው። አራተኛው፣ ገብረአብ ብቻ «እኔን ሆዴን ቆረጠኝ» አለ። ከአራቱ እውነተኛው እሱ ነው።

ጋኑን ከቤቴ አስመጣሁ፤ ግራዋውን ይዤ በፊታቸው አጠብሁት። ሳቁ ጣራውን አነሣው። ቀጥዬ ስለ ዘርአ ዳዊት ነገርኋቸው፤ ሳቁ ቆመ። ይሁኔ አንገቱን ደፍቶ መጣና ቋጠሮውን እግሬ ሥር አኖረው። ጉድጓድ አስቆፍሬ እዚያው በራሱ እጅ አስቀበርሁት።

ወልደአረጋይ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«እኔም የጠጣሁት ይኸንኑ ነው?»

«ይኸንኑ ነው።»

«ታዲያ ቅኔው የማን ነው?»

«ይህን ጋን ሠላሳ ዓመት በግራዋ አጠብሁት። አንድ ቀን ተቀኝቶ ይበል ያለው ሰው የለም!»

ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ግን ወጥቶ ሄደ።

ሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ። ገብረአብን ብጠይቀው «ሜዳ ላይ ድንጋይ ተደግፎ ይውላል፤ አንዲት ቃል አልመጣለትም» አለኝ። ምላሴን ረገምሁ። አንድ የምችለውን አደረግሁ፤ ለመንገዱ በሶ ፈጭቼ ቋጠርሁለት።

የደብረ ታቦር ዕለት ቅዳሴው እንደወጣ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዋንጫውን ይዟል።

«ስንቅህ ያውና፣ ተቋጥሯል» አልሁት፤ ፊቱን ማየት አቅቶኝ።

«ስንቅ አይደለም የፈለግሁት። ያንኑ ይስጡኝ።»

«ግራዋ መሆኑን እያወቅህ?»

«ግራዋውን ይተዉት፤ እኔንም እንደ ገብረአብ ሆዴን ሲቆርጠኝ ነበር። ውኃ ይበቃኛል። ግን እንደ በፊቱ ‹ይግለጽልህ› ይበሉኝ።»

ልሰድበው ፈለግሁ፤ ስድብ ጠፋኝ። ስድብ ጠፍቶኝ አያውቅም። ውኃ ቀዳሁለት፤ ትከሻውን ይዤ ወደ ምሥራቅ አዞርሁት።

«ይግለጽልህ፣ አንተ ድንጋይ!» አልሁት።

ለበዓሉ ጠላ እየቀዳሁ ሳለሁ ከአጥር ወዲያ ድምፁን ሰማሁ። ግዕዝ ነውና አልገባኝም። ሲጨርስ የኔታ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ወደ አጥሩ አቀናሁ። ጠላው ከጣሳው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስስ አላየሁትም። ከዚያ የኔታ «ይበል!» አሉ። ደገሙት። ጉባኤውም ተቀበላቸው።

የቋጠርሁትን በሶ ይሁኔ በላው።