«ግሩም ነው፤ እንደውላለን»

ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት የባሕር ዳርቻ ቤቱን ኪራይ በእጥፍ የሚሰቅል ሰው ሌባ ነው። ጨዋ ሌባ ነው፤ መጋረጃ ያጥባል፣ ጠረጴዛ ላይ አበባ ያኖራል፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ካርድ ይጽፋል። ቢሆንም ሌባ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍሌን ትቼ በግንቦት ባሕር ዳርቻ ልንፈላሰስ አልችልም፤ ልጄም ከክፍል ብትቀር ቅጣቱን የምከፍለው እኔው ነኝ። ባለቤቶቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ዋጋ የሚጨምሩት ቤታቸው በነሐሴ ስለሚያምር ሳይሆን እኛ ሌላ መሄጃ ስለሌለን ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ የተነሳ ከምንኖርበት ከባርንስሊ ሳንወጣ ከረምን። ዘጠኝ ዓመት ለሞላት ልጃችን ለብራዮኒ «የሚመጣው ክረምት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ባሕር ዳርቻ እናድራለን» ብዬ ቃል ገባሁላት። እሷም ወዲያው ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አወራች። ሰኔ ሲጋመስ ቃሉ እንዳለ ነበር፤ የምናድርበት ግን አልነበረም።

«ካራቫን እንግዛ» አለ ባለቤቴ ዴዝመንድ አንድ ቀን እራት ላይ።

«የቱን? ያንን በመኪና የሚጎተተውን የፕላስቲክ ቤት?»

«አዎ። ያገለገለ።»

«ዴዝ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን የፈጀሁት በየመንገዱ ከሱ ኋላ ተሰልፌ ነው!»

«እንግዲህ አሁን ከፊት መሆን ነዋ።»

ተረታሁ። እንዲህ ያለው ነገር በዓመት አንዴ ቢደርስብኝ ነው። በእጃችን ያለው አንድ ሺህ አምስት መቶ ፓውንድ ብቻ ነበር።

በዚህ ዋጋ ካራቫን የሚሸጥ ሰው ወይ የካራቫኑን በሽታ አያውቅም፣ ወይ ያውቃል። የሚያውቀው ይከፋል። በሽታው የሞተር አይደለም፤ ሞተርም የለው። በሽታው ውሃ ነው። ዝናብ በመስኮቱ ጥግ ሰርጎ ይገባና በግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ይበላዋል፤ ግድግዳው ግን ከላይ እንዳማረበት ይኖራል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ከየመስኮቱ በታች በአውራ ጣቱ ይጫናል። ከጠነከረ ደህና፤ እንደ ዳቦ ከገባለት ወደ ቤት መመለስ ነው።

የመጀመሪያው ሻጭ ካራቫኑን በሽቶ አጥቦ ጠበቀን። «ይህ ሁሉ ሽቶ የምን ሽታ ሊሸፍን ነው?» ብዬ ብጠይቀው በሩን አሳየኝ። ሁለተኛው ዘንድ አውራ ጣቴ በግድግዳው አልፎ ከውጭ ሊወጣ ምንም አልቀረው። በሁለቱም ቦታ ዴዝመንድ ፈገግ እያለ «ግሩም ነው፤ እናስብበትና እንደውላለን» አለ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እጠላታለሁ። በእኛ አገር «ግሩም ነው» ማለት አልፈልገውም ማለት ነው፤ «እንደውላለን» ማለት ደግሞ ከእንግዲህ ድምፃችንን አትሰማም ማለት ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ከጡት ጋር የጠባነው ነው። ሁሉም ይዋሻል፣ ሁሉም መዋሸቱን ያውቃል፣ ይህንንም ጨዋነት እንለዋለን። እኔ ፈሪነት እለዋለሁ። ዴዝመንድ ግን አውቶቡስ ነጂ ነው። «ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የምውለው እኔ ነኝ፤ አንቺ የምትጮኺው ልጆች ላይ ነው» ይለኛል።

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሴልቢ አጠገብ ወደሚኖሩ ወይዘሮ ኢነድ ታክሬይ ወደሚባሉ አሮጊት ሄድን። ከዚህ ካመለጠን ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረንም። የጠየቁት ሁለት ሺህ ነበር፤ ዴዝመንድ «ምናልባት ይቀንሱልን ይሆናል» ብሎ ነው የወሰደን። ሴትዮዋ ጓሮ ውስጥ ሻይና የፍራፍሬ ኬክ አቀረቡልን። ካራቫኑ የሟች ባላቸው የዊልፍ ነበር፤ ነጭ፣ ቡናማ መስመር ያለው፣ በዕድሜ ልጄን በእጥፍ የሚበልጥ።

ብራዮኒ ማንንም ሳትጠይቅ ዘላ ገባች። ወዲያው ከውስጥ «የላይኛው አልጋ የኔ ነው!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

እኔ ተንበርክኬ ሥራዬን ጀመርኩ። ወለሉ ላይ ዘለልኩ፤ አልተነቃነቀም። ጣሪያውን ዳበስኩ፤ ደረቅ ነው። ምድጃውን ለኮስኩ፤ ነደደ። ልቤ መሞቅ ጀመረ። ከዚያ ከፊት መስኮቱ በታች ተጫንኩ፤ አውራ ጣቴ ገባ። ዴዝመንድ አየኝና እግሬን ረገጠኝ።

ወደ ሻዩ ተመለስን።

«ግሩም ነው፣ ወይዘሮ ታክሬይ» አለ እሱ። «እናስብበትና እንደውላለን።»

አሮጊቷ ኬኩን መልሰው ይሸፍኑ ጀመር።

«አዎ፣ ሁሉም ይደውላል» አሉ። «ከፋሲካ ጀምሮ የመጣው ሁሉ ግሩም ነው ይላል፣ ኬኬን ይበላል፣ እደውላለሁ ይላል። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ የእህቴን ልጅ ጠርቼ አስፈትሼዋለሁ።»

ዴዝመንድ ፊቱ ቀላ።

«እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ግሩም ከሆነ ለምን ማንም አይገዛውም?»

እሱ ኬኩን አየ። እኔ እሱን አየሁት። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ግሩም ስላልሆነ ነዋ! ከፊት መስኮቱ በታች በስብሷል!»

«ሂላሪ!» አለ ዴዝመንድ፣ እናቱን የሰደብኩበት ያህል።

«ምን ሂላሪ ትለኛለህ? እሳቸው ከፋሲካ ጀምሮ ይህን ሁሉ ሰው ኬክ ሲያበሉ ከርመዋል! ሁሉም ያንን ግድግዳ ነክቶ፣ ሁሉም አውቆ፣ ጎርሶ ሄደ! ‹ዝም አይነቅዝም› የሚል ሰው የካራቫን ግድግዳ ነክቶ አያውቅም!»

«የት ጋ?» አሉ ወይዘሮ ታክሬይ። ድምፃቸው በረዶ ሆኗል።

ወስጄ አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፤ እስከ ጥፍራቸው ገባ።

«ዊልፍ ይህን መስኮት በየዓመቱ ይደፍነው ነበር» አሉ ወደኔ ዞረው። «በገዛ ቤቴ ባሌን ሰነፍ ልትዪብኝ ነው?»

«ሰነፍ አላልኩም። የደፈነው ግን በቀለም ነው። ቀለም ውሃ አያቆምም።»

«ቀለም?» ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ላጡት። ከሥሩ ሌላ ቀለም ወጣ፤ ከሱም ሥር ሌላ። ቀና ሳይሉ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

«አቤት ዊልፍ! ይሄ ሰውዬ በቀለም የማይድን ነገር የለም ብሎ ነው የሞተው። አንዴ የተሰበረ ወንበር ቀብቶ ቄሱን አስቀመጠበት።»

«ቄሱስ?» አልኩ።

«ጸሎቱን ከወለሉ ላይ ሆነው ጨረሱት።»

የዴዝመንድ ሻይ በአፍንጫው ወጣ።

ወይዘሮ ታክሬይ ወደ ሻዩ ተመልሰው ኬኩን እንደገና ገለጡት። «እሺ አንቺ አፈ ስለት፣ ሌላስ ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ጎማዎቹ አርጅተዋል። ሌላው ደህና ነው። ወለሉ አለት ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ምድጃው ይሠራል። አንድ ሺህ እከፍላለሁ።»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ።»

«የበሰበሰውን እያሳየሁዎት?»

«ወለሉ አለት ነው አልሽ እኮ። ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር። አንቺ ግን መዋሸት አትችዪም፤ አየሁሽ። ስለዚህ የወለሉን ክፈዪኝ።»

በተማሪም በርዕሰ መምህርም ፊት ተከራክሬ አውቃለሁ፤ የገዛ እውነቴን አንስቶ በገዛ ራሴ ላይ የጫነብኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

«የጣሪያውንም ጨምሪላቸው እንጂ» አለ ባለቤቴ፣ ለማን እንደሚከራከር የረሳው።

«አንተ ዝም በል! አንድ ሺህ አንድ መቶ!»

«ምድጃውስ?» አሉ ወይዘሮ ታክሬይ።

እንዲህ ስንባባል፣ ድምፃችን አጥር ተሻግሮ ጎረቤት መስኮት እያስከፈተ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ተገናኘን፤ በሩ ላይ የሚተከለው ድንኳን፣ ሁለት ታጣፊ ወንበርና ዊልፍ ሳይከፍተው የሞተው አንድ ጣሳ ቀለም ጭምር።

«ቀለሙን አልፈልግም!»

«ያለ ቀለሙ አልሸጥም።»

ተጨባበጥን። ብራዮኒ ከላይኛው አልጋ በስንት ልመና ወረደች።

በቀረው ገንዘብ ዴዝመንድ ጎማ ቀየረ፤ የበሰበሰውን ሰሌዳ ቆርጦ አዲስ ገጠመ፤ መስኮቱንም ሊደፈን በሚገባው ነገር ደፈነው። ትምህርት በተዘጋበት ቀን ብራዮኒን ከነዩኒፎርሟ ከትምህርት ቤቱ በር አንስተን ወደ ባሕሩ፣ ወደ ፋይሊ ነዳን። ከኋላችን መኪናው እስከ አድማስ ተሰልፎ ነበር። ጡሩምባ የሚነፋብንን ሁሉ በመስኮት እጄን እያወናጨፍኩ መለስኩለት። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተጉዤ አላውቅም።

የካራቫኖቹ ሜዳ ከባሕሩ በላይ ካለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው። የእኛ ቦታ በሁለት ካራቫኖች መካከል ነበር፤ የሚገባውም ወደ ኋላ ነው። ዴዝመንድ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ካራቫኑ ወደ ቀኝ ሄደ። ሲያስተካክል ተጣጠፈ። እንደገና ሞከረ፤ የሰው ድንኳን ገመድ ነካ። በየወንበሩ የተቀመጠው ሕዝብ ሻዩን እንደያዘ ወደኛ ዞረ።

«ግራ በል!» አለ አንዱ።

«ኧረ ሌላውን ግራ!» አለ ሌላው።

«አውቶቡስ ነጂ አይደለህ እንዴ?» አልኩት።

«አውቶቡስ ወደ ኋላ አይሄድም! ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ፊት ነው የነዳሁት!»

እኔም ወደ ተመልካቹ ዞርኩ። «እናንተስ? ትያትር ቤት የገባችሁ መሰላችሁ?»

«አዎ እቱ» አለኝ ቁምጣ የለበሰ አንድ ወፍራም ሰው። «መግቢያው ደግሞ በነፃ ነው።»

ልመልስለት አየር ስስብ ስኒውን ሣር ላይ አስቀመጠ። ሌሎቹም አስቀመጡ። ካራቫናችንን ከመኪናው ፈትተው፣ ሴቱም ወንዱም ግራና ቀኙን ይዘው «አንድ፣ ሁለት!» እያሉ ገፉት። እኔም ከኋላ ይዤ እየሳቅኩ ጎተትኩ። ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

«ብራዮኒስ?» አለ ዴዝመንድ ላቡን እየጠረገ።

ከመኪናው በር ሥር ጫማዎቿ ወድቀዋል። ቁልቁል አየን፤ በዩኒፎርሟ እስከ ጉልበቷ ባሕር ውስጥ ቆማ ማዕበሉን ትረግጣለች።

አፌን ስከፍት ዴዝመንድ ልቆጣት መስሎት ጆሮውን ያዘ።

«ጠብቂኝ!» ብዬ ጮህኩ፣ ጫማዬን እያወለቅኩ።