ሦስቱን ቀንሺ

እኔ ሲቆጡኝ የምቆጣ፣ ሲያስቁኝ የምስቅ ሰው ነኝ፤ መሐል የሚባል ነገር አልተሰጠኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ መምህሯ ላይ እንዴት እንደጮህኩ ስትሰሙ እንዳትደነግጡ ነው። ሌላ ጊዜ ቁጣዬ ቶሎ ይበርዳል፤ የልጆቼ ነገር ሲሆን ግን እሳት እጎርሳለሁ።

ሦስት ናቸው። ትልቋን አለቃ እንላታለን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት፣ እኔ የምሠራው በእሷ ሥር ነው። ትንሹ ድንቡሼ ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይልካል። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት የኮት ቁልፍና አንድ ቁራጭ ጠመኔ ከጉንጩ አውጥቻለሁ። የመሐለኛዋ፣ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ቁልፌ ናት። አፏ ስለተቆለፈ ነው እንዲህ ያልናት የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከቁልፍ ጣሳዬ አጠገብ ስለማትጠፋ ነው ያወጣሁላት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አይደል፤ አንዷ ስታወራ አትጠግብም፣ አንዷ በቀን አሥር ቃል ከወጣት ብዙ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ትቻታለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሰፋውም እዚያው የምንኖርበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። አልጋውን ከስፌት መኪናው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ጠዋት አለቃን አበጥሬ ወደ ትምህርት ቤት እሸኛለሁ፤ ከዚያ በአንድ እጄ ድንቡሼን እያጎረስኩ በሌላው እጄ ስፌት እተረትራለሁ። አንዳንዴ ይደበላለቅብኛል። አንድ ቀን ማንኪያውን ለቀሚሱ፣ መቀሱን ለልጁ ይዤ ስሄድ አለቃ ናት የያዘችኝ። አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ካየነው ዕድለኞች ነን። ሲመጣ ግን ልጆቹ ትከሻው ላይ ያድራሉ፣ እኔም እንቅልፍ እጠግባለሁ።

አሁን ወደ ሜትሩ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት አለቃ ለአሻንጉሊቷ ቀበቶ ልሥራ ብላ ከመለኪያ ሜትሬ ጫፍ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቆረጠችልኝ። አባታቸው ሌላ ግዢ አለኝ። ያን ብቻ ብሎ ቢተወው እገዛ ነበር። ግን "የሰው ወገብ ታበላሺያለሽ" ብሎ ጨመረበት። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። አልገዛም አልኩ፣ አልገዛሁም። ከዚያ ወዲህ የእኔ ሜትር የሚጀምረው ከአራት ነው። የለካሁትን አነብና ሦስት እቀንሳለሁ፣ በቃ። በሁለት ዓመት አንድም ልብስ አላበላሸሁም፤ ይህን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው።

ጫፉን የምትይዝልኝ፣ ቁጥሩንም የምታነብልኝ ቁልፌ ናት። ቁጥር የተማረችው ከዚያው ከሜትሩ ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ አላስተማርኳትም፣ ጊዜውስ ከየት መጥቶ። ከመኪናው ሥር ቁጭ ብላ ሜትሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ እየጠየቀችኝ ያዘችው። የደንበኛ ወገብ ስንለካ እሷ "ሰባ አንድ" ትላለች፣ እኔ "ሦስቱን ቀንሺ" እላለሁ፣ "ስልሳ ስምንት" ብዬ እጽፋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያንን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የምትገባበት ዓመቷ ነው። አለቃ የምትማርበት ትምህርት ቤት መዋዕለ ሕፃናት ያልገቡትን ልጆች ትንሽ ፈትኖ ነው የሚቀበለው። እኔ ምንም አልሰጋሁም። ልብሷን ራሴ ሰፍቼ፣ ድንቡሼን አዝዬ፣ እንደ ሙሽራ እናት ቀብረር ብዬ ይዣት ሄድኩ። መምህሯ ወጣት ናት፣ መነጽር ታደርጋለች። ቁልፌን ብቻዋን አስገባቻትና በሩን ዘጋችው። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ልጅቷን ይዛ ተመልሳ ወጣች።

አምስት እርሳስ ደርድሬላት ስምንት ናቸው አለችኝ፣ አለች መምህሯ። ሁለት እርሳስ ሳሳያት አምስት አለች። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር የምትጠብቅ ይመስል አፍ አፌን እያየች ዝም። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ልጅዎ ትንሽ ዘገምተኛ ሳትሆን አትቀርም፤ ለከርሞ ቢያመጧት ይሻላል" አለችኝ።

ዘገምተኛ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች፣ ትሰማለች። ጮህኩባት። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። መነጽሩ የሚያሳየው እርሳስ ብቻ ነው ወይስ ሰውም ያሳያል ማለቴን ግን አስታውሳለሁ፣ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ድንቡሼ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ያለቅሳል፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ወላጆች ያዩናል። በጩኸቱ ርዕሰ መምህሯ ወጡ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ጉዳዩን ሰምተው፣ ምዝገባው ነገ ይዘጋል፣ ነገ ጠዋት አምጪያት፣ እኔ ባለሁበት አንድ ጊዜ ደግመን እንያት አሉኝ። ያኔም ካልሆነላት ዓመቱን ቤት ታሳልፋለች ማለት ነው።

ስንመለስ ድንቡሼ ካልወረድኩ ብሎ አስቸገረኝና ለቀቅኩት፤ ቁልፌ እጁን ይዛ በእሱ እርምጃ ትሄዳለች። ጥቂት ሄድ እንዳልን ዘገምተኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው አልኳት። አሰበችና "እኔ ቀስ የምለው እሱ እንዳይወድቅ ነው" አለች። አንጀቴን በላችው። ፊቴን ወደ ሱቆቹ አዞርኩ።

ቤት እንደገባን ቀሚሷን እንኳ ሳላወልቅላት አምስት ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ስንት ናቸው አልኳት። በጣቷ እየነካች ቆጠረችና "ስምንት" አለች፤ ከዚያ አፍ አፌን ማየት። እውነት ይሆን እንዴ፣ ያቺ መነጽራም ያየችውን እኔ እናቷ ሳላይ ኖሬ ይሆን እንዴ አልኩ። ደግሜ ጠየቅኳት፣ ስምንት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅኳት፣ አሁንም ስምንት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

አለቃ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወርውራ ሳቀች። "እማዬ፣ ሦስቱን ቀንሺ አላልሻትም እኮ" አለችኝ።

እዚያው ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ልጄ የቆጠረችው ከአራት ጀምራ ነው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። በእሷ ዓለም ቁጥር ከአራት ይጀምራል፤ እስከ መጨረሻው ቆጥረሽ ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ትልቅ ሰው ሦስቱን ቀንሺ ይላል፣ መልሱ ይገኛል። ለመምህሯም የድርሻዋን ተናግራ፣ የመምህሯን ድርሻ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ዘገምተኛስ እኔ ነኝ። በእልኬ የተቆረጠ ሜትር ይዤ ሁለት ዓመት ስኩራራ ልጄን ከአራት አስጀመርኳት።

ልጅና ፊት አይበርደውም፤ እንባዋን ጠርጌ ቶሎ ላስተካክላት ተነሣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከአንድ ነው የምንጀምረው አልኳት። እሺ አለች፤ እሺ ማለት ታውቃለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብላ እስከ መጨረሻው ቆጠረች። ደስ ብሎኝ ጎሽ ልላት አፌን ስከፍት፣ እሷ ቀደም ብላ ጨረሰችው፤ "ሦስቱን ቀንሺ፣ ሁለት።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ከአንድ ስትጀምር መቀነስ የለም እላታለሁ፣ መቀነሱን ትታ ከአራት ትጀምራለች። ከአንድ ጀምሪ እላታለሁ፣ ትቀንሳለች። አለቃ በጫማ ታስተምራታለች፣ ድንቡሼ ጫማውን ይዞ ይሄዳል። እራት ሲደርስ ልጅቷ ከቁጥር ሁሉ ተኳረፈች። እኔም ተውኳት።

በማግስቱ ጠዋት ከመሥሪያዬ ብድግ ብዬ ነው የሄድኩት፤ ሜትሩ አንገቴ ላይ እንዳለ ያወቅኩት ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገብቼ ስቀመጥ ነው። መምህሯ እርሳሶቿን ይዛ መጣች። ሰባት ደረደረች። ቁልፌ አየቻቸው። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቆመ። ከአራት ትጀምር፣ ከአንድ ትጀምር፣ ትቀንስ፣ አትቀንስ፣ የቱ እንደሆነ እኔ ነኝ ያጠፋሁባት። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። መምህሯ ደግሞ ርዕሰ መምህሯን አየቻቸው፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ትናንት ስጮህ ቃል አላጠረኝም ነበር። የጥፋቴን ቃል ግን እየፈለግኩ ነው ያወጣሁት። ሜትሩን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአሻንጉሊቱን ቀበቶ፣ እልኬን፣ ከአራት መጀመሩን፣ ትናንት ማታ ያደረግኩትን ማደናገር። መምህሯንም ስለ መነጽሩ ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጅቷ የተማረችውን በትክክል ነው የተማረችው፣ የተበላሸው ያስተማርኳት ነው አልኩ።

ርዕሰ መምህሯ ሜትሩን አነሡ፣ ጫፉን አዩ፣ ለቁልፌ ሰጧት። እስቲ ይህችን ጠረጴዛዬን ለኪልኝ አሏት።

እዚህ ላይ ልጄን ማየት ነበረባችሁ። ሜትር እጇ ሲገባ ሌላ ሰው ሆነች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የብዕር ማስቀመጫ ገፋ አደረገች፣ አንዱን ጫፍ ለርዕሰ መምህሯ አቀበለች፣ ሌላውን ይዛ ወዲያ ማዶ ዞረች። "ጫፉን ይያዙልኝ" አለቻቸው። ያዙ። ትንሽ ሳብ አደረጉት መሰለኝ፣ ቁልፌ ቀና አለች። "አይሳቡት፣ ይለጠጣል።"

ይኼ የእኔ ቃል ነው፤ ለእሷ የምላት። ርዕሰ መምህሯ እንደ ተማሪ እጃቸውን ላላ አደረጉ።

ጎንበስ ብላ አነበበች፤ መቶ ሁለት። ከዚያ ቀና አለችና እኔን አየችኝ። የእኔ ድርሻ እንደሆነ አወቅኩ፤ አፌን ያዝኩ። መቶን ተሻግሮ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ለእሷ አዲስ ነው፤ የምታነብልኝ ወገብ ብቻ ነው፣ የደንበኞቼ ወገብ ደግሞ መቶ አይደርስም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ጣቷ ሜትሩ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ።

"ዘጠና ዘጠኝ" አለች።

መምህሯ ሳትታዘዝ ወደ ክፍሏ ሄዳ የእንጨት ማስመሪያ አመጣች፤ አንድ ሜትር ሙሉ የሆነ፣ ከአንድ የሚጀምር። ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ማስመሪያው ጠረጴዛውን በአንድ ሳንቲ ሜትር አለፈው። ደግማ አስተካክላ አየችው፣ ያው ነው። መነጽሯን አወለቀች። ቢሆንም ከአንድ መጀመር መልመድ አለባት አለች፣ እንደ ትናንቱ ግን አልነበረም አነጋገሯ።

"እሱን በሳምንት ታስለምጃታለሽ" አሏት ርዕሰ መምህሯ። "ከመቶ ሁለት ላይ ሦስት መቀነስ ያቃታቸው ልጆች ሦስተኛ ክፍል አሉኝ።"

ከዚያ መዝገቡን ከፈቱ። የልጅቷን ስም፣ ዕድሜ፣ የእኔን ሥራ ጠይቀው ጻፉ። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ያዝ አደረጉ። ቀደም ሲል የተማረችበት ቦታ ይላል። የትም አልተማረችም፣ ቤት ነበረች ልል ነበር። አንገቴን ደፍቼ ቃሉን ስፈልግ፣ ለሰው ሁለት ቃል የማትመልሰው ልጄ ሳትጠየቅ ቀደመችኝ።

"እማዬ ጋ" አለች። "መኪናው ሥር።"

መምህሯ ሳቀች፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነው። ርዕሰ መምህሯ ግን አልሳቁም። መስመሩን ባዶ አልተዉትም። እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ የሰው ጽሑፍ ገልብጬ ማንበብ ግን ከደንበኛ ማስታወሻ ለምጃለሁ፤ ፊደል በፊደል አየሁት። እናቷ ዘንድ ብለው ጻፉ።

አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ። በሁለት ዓመት ልፋቴ በአንድ ልብስ እንኳ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ከዚያ ብዕሩን ሰጡኝና አስተማሪዋም ወላጇም ስለሆንኩ እዚህ ጋ ፈርሚ አሉኝ።