የትሬቨር ጉልበትና የኔል መታጠፊያ

ባለቤቴ ትሬቨር ውሻዋን ዓይኗን ማየት አልፈልግም ያለው ገና ደጃፉን ሳትረግጥ ነው። ጊዜው ኅዳር ነበር። የቀኝ ጉልበቱ በብረት ከተተካ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። እኔ የአምስት ወር ቡችላ ታቅፌ ከተፍ አልኩ።

«ዴኒዝ፣ እኔን ማስታመም አነሰሽ?» አለኝ።

«አንተን ሳስታምም እንዳላብድ ነው ያመጣኋት። ስሟ ኔል ነው» አልኩት።

«ስሟን አልጠየቅኩም።»

እውነቱን ልናገር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ነገር ቢኖር የውሻ መሰናክል ሩጫ ነው። ውሻው አጥር ይዘላል፣ ቱቦ ውስጥ ይሽሎከሎካል፣ በተተከሉ እንጨቶች መሀል ይጥመለመላል፤ ሰውየው ደግሞ ጎኑ እየሮጠ መንገድ ያሳየዋል። እኛ የእንግሊዟ ዮርክሻየር ሰዎች ይህን ለማየት ቅዳሜ ቅዳሜ ዝናብ ላይ ቆመን እንውላለን። እኔም ስንት ቅዳሜ ከገመዱ ውጪ ቆሜ ለሰው ውሻ አጨበጨብኩ። ልጆች አሳደግኩ፣ እናቴን አስታመምኩ፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የስንቱን ልጅ ድንች ላጥኩ። አሁን ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ዛሬ ካልሮጥኩ መቼ ልሮጥ?

የከተማችን ክበብ ለጀማሪ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። አሠልጣኟ ወይዘሮ ሂላሪ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ሲያዩዋቸው ውሻውም ባለ ውሻውም እኩል ይቀመጣል።

«በሚያዝያ የመጀመሪያው ቅዳሜ ይዘሻት ነይ» አሉኝ። «መሠረቱን ካወቀች ቦታው ያንቺ ነው። ካላወቀች ለከርሞ። እስከዚያው እንዳታስዘልያት፤ አጥንቷ ገና አልጠናም። እንጨቱን መሬት ላይ አስተኝተሽ ትራመደው።»

መሠረት የሚሉት ቀላል ይመስላል። ውሻዋ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ የእርጎ ክዳን በአፍንጫዋ ትነካለች፤ መሬት ላይ በተዘረጋ መሰላል ውስጥ የኋላ እግሯ ሳይደናቀፍ ታልፋለች። ዋናው ግን ባልዲ ዞሮ መመለስ ነው። አብረሻት ወደ ባልዲው ትሄጃለሽ፣ ሰውነትሽን ስታዞሪ እሷም ባልዲውን ዞራ ትመለሳለች።

«አፍሽን አትሰማም» ብለውኛል ወይዘሮ ሂላሪ። «የምታነበው ትከሻሽንና እግርሽን ነው። ስለዚህ ለፍላፊ ከሆንሽ ጉልበትሽን አትጨርሺ።»

ጠዋት ሥራ ስለምሄድ የማስተምራት ማታ፣ ከእራት በፊት ነበር። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ግድግዳ አስጠግቼ የመጥረጊያና የመወልወያ እጀታ ወለሉ ላይ እደረድራለሁ። ትሬቨር ከሶፋው አንገቱን አስግጎ ይመለከታል።

«መጥረጊያውን ስታወጪው ሳይ ቤቱን ልትጠርጊ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» ይላል።

«አንተ እሱን እንደዚህ ብትራመደው ጉልበትህን የምታሠራህ ፊዚዮዋም ደስ ይላት ነበር።»

ከሆስፒታል የተሰጠው የጉልበት ልምምድ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈ ወራት አልፈዋል። ነክቶት አያውቅም። «የከተቱልኝ ብረት ነው፤ ብረት ስፖርት አይሠራም» ይላል። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ትራክተር ገጥሞት ሳይሳደብ ወደኋላ የሚሄድ ሰው ነበር። አሁን እስከ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ያማርራል። መዞር ሲፈልግ ቀኝ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ እንደ ዛገ በር እየተንሻፈፈ ነው የሚዞረው። ሶፋው ውጦ እንዳያስቀርብኝ ፈርቼ ነበር። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ እኔና እሱ ፍርሃታችንን የምንነጋገረው በንትርክ ነው።

የኔል ነገርም ግራ ያጋባኝ ጀመር። መጠበቁን በአንድ ሳምንት ለመደች። ክዳኑንም መሰላሉንም እንደ ጨዋታ ወሰደችው። ባልዲው ላይ ግን ጠባይዋ አይታወቅም። ከሥራ ደክሜ እግሬን እየጎተትኩ ስገባ ባልዲውን ዙር ብላ ትመለሳለች። እሑድ አርፌ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ቀጥ ብዬ ሳሠራት ባልዲውን አልፋ ትሄድና ዞራ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ እንግዲህ ውሻዋ እሑድን ታከብራለች አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ቅዳሜው ደረሰ። ትሬቨር አብሬሽ ልሂድ አለ።

«ምን ልትሠራ?»

«ምን እሠራለሁ? ቤት ቁጭ ብሎ ቲቪ ማየት ሰለቸኝ» አለ። ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ሜዳው ዳር ተቀመጠ። ካቦርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጥፍሩን ይበላል። ቲቪ ሰልችቶት ጥፍር የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ያኔ ልብ አላልኩም።

ከእኛ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጢማም ሰውዬ ነበር። የያዛት ውሻ እግሯ ከማጠሩ የተነሳ ሆዷ ሣሩን ያጭዳል። እኛ ከወደቅን ቦታው የእነሱ ነው። ኔል ጠበቀች፤ ወይዘሮ ሂላሪ ጻፉ። ክዳኑን ነካች፤ ጻፉ። መሰላሉንም አለፈች፤ ጻፉ። ከዚያ ባልዲው። ቀጥ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ የገዛሁት የውሻ ሥልጠና መጽሐፍ እንደሚለው ትከሻዬን አዞርኩ። ኔል ባልዲውን አልፋ እስከ አጥሩ ሄደች። ደገምኩ። ደገመች። ወይዘሮ ሂላሪ መጻፉን አቆሙ። ጢማሙ ሰውዬ ውሻውን ከመሬት ማንሳት ጀመረ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ፣ ቀኝ ትከሻዬ ወረደ፣ እየተንሻፈፍኩ ልወድቅ ስል ኔል ባልዲውን እንደ እንዝርት ዞራ እግሬ ሥር ቁጭ አለች።

ወይዘሮ ሂላሪ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ድገሚው» አሉ። ቀጥ ብዬ ደገምኩ። ኔል ወደ አጥሩ። «አሁን ደግሞ እንደ ቅድሙ አንክሺ።»

«ይቅርታ?»

«አንክሺ እንጂ።»

ሰው ፊት አነከስኩ። ኔል እንደ እንዝርት። በግራ በኩል አነከስኩ፤ ምንም። በቀኝ አነከስኩ፤ ዙር።

«ቤታችሁ ውስጥ በቀኝ እግሩ የሚያነክስ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ሂላሪ።

ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ትሬቨር ዞረ። ትሬቨር ደግሞ ሌላ ትሬቨር ካለ ብሎ ነው መሰለኝ ወደኋላው ዞር አለ፤ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ። ኔል ከእግሬ ሥር ተነስታ በርራ ሄዳ ወንበሩን ዞረችለት።

«እንዲያው… ጠዋት ጠዋት» አለ ትሬቨር ጆሮው ቀልቶ። «አንቺ ሥራ ስትሄጂ ጓሮ እንወጣለን። ብዙ አይደለም። ትንሽ ብቻ።»

«ምን እየሰጠሃት?»

«አይብ።»

እኔ በመጽሐፉ መሠረት ደረቅ ብስኩት እየቆጠርኩ ስሰጣት፣ እሱ አይብ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል እሰማ ነበር፤ በበላበት እንደሚያነክስ ግን አላውቅም ነበር። ደሜ ፈላ። ዓይኗን ማየት አልፈልግም ያላት ውሻ፣ አምስት ወር ሙሉ ከጀርባዬ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ወይዘሮ ሂላሪ እስክሪብቷቸውን ከነከሱ በኋላ ፈረዱ። «ውሻዋ ብልህ ናት። ትምህርቱ የሚጀመረው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በዋዜማው ቅዳሜ ተመለሱ። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ከዞረች ቦታው የእናንተ ነው። ግን ይህ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሲያነክስ ሌላ ነገር አትማርም። ወይ ባልሽ ይቃና ወይ ውሻዋ ትቅር።»

«እኔን ሐኪም አላቃናኝም» አለ ትሬቨር።

«ሐኪሙ አይብ አልሰጠዎትማ» አሉት።

በነጋታው ጠዋት ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ገንጥሎ ወሰደው። ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ለእሷ ብሎ ነው። ወይዘሮ ሂላሪ ለኔል ከሰጡኝ የልምምድ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ስናስተያያቸው አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። መዝለል የለም። እንጨት መሬት ላይ አስተኝቶ ቀስ ብሎ መራመድ። የሚንቀጠቀጥ ትራስ ላይ ቆሞ ሚዛን መጠበቅ። ወደኋላ አምስት እርምጃ። ስለዚህ ማታ ማታ ሁለቱንም ወጥ ቤት ውስጥ አሰልፌ አሠራቸው ጀመር። ኔል እንጨቱን ስትራመድ አይብ ታገኛለች፤ ትሬቨር ሲራመድ «ጎበዝ» ይባላል።

«ይህ አድልዎ ነው» አለኝ በሦስተኛው ቀን፣ ትራሱ ላይ እየተንገዳገደ። እኔም አፉን ሲከፍት አይብ ጣል አደረግኩበት። ከዚያ በኋላ ያለ አይብ መሥራት ተወ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ከሥራ ቀደም ብዬ መጣሁ። ሻይ ልጥድ ወጥ ቤት ስገባ በመስኮቱ ጓሮው ውስጥ አየኋቸው። እሱ አላየኝም። ቀጥ ብሎ፣ ትከሻው እኩል ሆኖ፣ ሰው እንደሚሄደው ወደ ባልዲው ሄደና ዞረ። ዝቅ የሚል ትከሻ የለም፣ መንሻፈፍ የለም። ኔል ጎኑ ሆና ምልክቱን ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ አጣችውና ባልዲውን አልፋ ሩባርብ የሚባለውን አትክልት የተከልኩበት መደብ ውስጥ ጥልቅ አለች። ትሬቨር ራሱን አከከ። ተመልሶ ደገመው፤ አሁንም ቀጥ ብሎ። ኔል ሩባርቡ ውስጥ። የተከልኩት ሁሉ ሲረገጥ እያየሁ በዕቃ መወልወያው ፎጣ ዓይኔን እጠርግ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ውሻሽ ደንቁራለች» አለ ሲገባ። «ያስተማርኳትን ሁሉ ረሳችው።»

«እሰይ» አልኩት።

«ምኑ ነው እሰይ? ሰባት ቀን ነው የቀረን።»

ሰባት ቀን ቀን ከሌት ለፋን። አልበቃም። ለአምስት ወር የተማረችውን በሰባት ቀን አትተካውም። በዋዜማው ቅዳሜ ኔል ከሦስት አንዴ ዞረች፤ ወይዘሮ ሂላሪ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቦታው ሣር ለምታጭደው ውሻ ተሰጠ። እኔንም ለመጪው ዓመት በመዝገቡ አንደኛ ላይ ጻፉኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ሠላሳ ዓመት ጠብቄ ቦታዬን ለአንድ ክንድ ውሻ ማስረከብ ቀላል አይደለም።

ከሜዳው ወደ ቤታችን ዳገት ነው። ትሬቨር የኔልን ገመድ ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ሳይዞር ያወራል። ጢማሙ ሰውዬ አጭበርብሯል ይላል። ነገ በጠዋት ባልዲውን ትተን በአበባ ማሰሮ እንጀምራለን ይላል። ከርሞ የምትሮጪው አንቺ ነሽ፣ እኔ አስተምራታለሁ ይላል። የምመልሰው ነበረኝ፤ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። እነሱ የዳገቱን ግማሽ ጨርሰዋል።

«ትሬቨር፣» አልኩት፣ «ቀስ በል እንጂ፣ አልደረስኩብህም።»