ሁለት ቁና

ለሁለት ወር ያህል የሆስፒታሉ ወጣት ባለሙያ ሥራዋ አንድ ነበር። የአርባ ሰዎችን የአንጎል ምስል ተቀብላ፣ ትውስታ የሚይዘውን ትንሹን ክፍል፣ ሂፖካምፐስን፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም ትለካለች። ከዚያም ውጤቱን አንጋፋው ሐኪም በዚያው ምስል ላይ የክፍሉን ጠርዝ ቁራጭ በቁራጭ በእጃቸው አስምረው ካገኙት ልክ ጋር ታስተያያለች። የኤምአርአይ ክፍሉ ሰዎች “ሚዛን” የሚሏት ለዚሁ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት የሂሳብ መምህር የነበሩ አባቷን ይዛ መጣች። ሰውየው ሰሞኑን መርሳት አብዝተዋል። ልጅቱ ከሌላ ሆስፒታል የዓምናውን ውጤትና ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይዛለች። መምህሩ ምስል ተነሡ፣ ሐኪሙ አስምረው ለኩ፤ የዓምናውን ወረቀት ሲያዩ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

“ዓምና አራት ነጥብ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ዘንድሮ ሦስት ነጥብ ሦስት። አንድ አምስተኛው ሄዷል። በይ፣ ልጃቸውን ጥሪያት።”

ሚዛን በሩ ጋ ስትደርስ እግሯ ተገታ። አንድ አምስተኛ? በዓመት? በሽታስ ቢሆን እንዲህ ይጣደፋል? ተመልሳ ወረቀቱን አነሳች። ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል “በፕሮግራም የተለካ” ይላል። ወደ ሐኪሙ ዞረች።

“ዶክተር፣ የዓምናው በፕሮግራም ነው!”

“ቢሆንስ?”

“ፕሮግራሙ በአርባውም ሰው ላይ ከእርስዎ አብልጦ ነው የለካው። ከጎረቤቱ ጠርዝ እየቆነጠረ ይጨምራል። ዓምናን በትልቅ ቁና፣ ዘንድሮን በትንሽ ቁና ሰፍረን እኮ ነው ጎደለ የምንለው!”

“አንቺ ልጅ፣ እጄን ተጠራጠርሽው?”

“እጅዎንም አምናለሁ፣ ፕሮግራሙንም አምናለሁ። የማላምነው ድብልቁን ነው።”

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። “ሲዲውን አምጪው።”

የትኛው የዓምና እንደሆነ እንዳያውቁ ስምና ቀኑን ሸፍና ሁለቱንም ምስሎች ሰጠቻቸው። እሳቸው እንደ አዲስ ሲያሰምሩ እሷ ዘንድሮ የተነሣውን ለፕሮግራሙ ሰጠች። የቀረበላቸው ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፈች። በእጅ፣ ዓምና ሦስት ነጥብ ሦስት አምስት፣ ዘንድሮ ሦስት ነጥብ ሦስት። በፕሮግራም፣ ዓምና አራት ነጥብ አንድ፣ ዘንድሮ አራት ነጥብ ዜሮ አራት።

“ይህማ የዕድሜ ነው!” ሐኪሙ ጠረጴዛውን መቱት። “የእኔም ከዚህ ሳይብስ አይቀርም!”

ሁለቱም በኮሪደሩ እየተሽቀዳደሙ ወጡ። ሐኪሙ ምስሉን ቁራጭ በቁራጭ እንዴት እንደለኩ ለአባትና ለልጅ ነግረው፣ የትውስታው ክፍል ከዕድሜ ያለፈ እንዳልቀነሰ፣ የመርሳቱን ምክንያት ግን በደም ምርመራና የመምህሩን እንቅልፍ በማጣራት እንደሚፈልጉ አስረዱ። ልጅቱ አባቷን አቅፋ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች።

“ቆይ ልጄ፣ ልቀቂኝ” አሉ መምህሩ። “ቁራጮቹ ስንት ናቸው?”

“ወደ አርባ፣ ጋሼ” አለች ሚዛን። “እያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው።”

“ታዲያ ስፋቱን በውፍረት እያበዛችሁ መደመር ነዋ! ይህንን እኮ ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ!” ዐይናቸው በራ። “ወንበር አቅርቡልኝ። የራሴን ጭንቅላት እኔው ላስምረው።”

ሐኪሙ እየሳቁ ወደ ክፍላቸው አስገብተው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላቸው።