እስከ ማታ አይመጣም

የማሽን ጥገና ሠራተኛው ዮፍታሔ ክንዱን እስከ ክርኑ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሆድ ሲከት፣ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር በፈረቃ መብራት ተቆርጦበት ነበር። ማሽኑ የሚነቀል ሶኬት የለውም፤ ሶኬቱ ስለቀለጠ ሽቦው በቀጥታ ከግድግዳው ሽቦ ጋር ተጠምዝዟል። የመስመሩ ማጥፊያ ያለው ተከራዩ በርናባስ ክፍል ውስጥ ነው። በርናባስ ደግሞ በሩን ቆልፎ ጸሎት ሄዷል።

«እትዬ፣ በርናባስን ብንጠብቀው?» ብሎ ነበር ዮፍታሔ ሥራውን ሳይጀምር።

«ምን ያስጠብቃል? በፈረቃችን መብራት እስከ ማታ አይመጣም!» አሉ የቤቱ ባለቤት እትዬ የማርያምወርቅ፣ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፉትን የፈረቃ ሰሌዳ እያሳዩት። ዮፍታሔም ሰሌዳውን አምኖ ሥራውን ጀመረ።

የማሽኑን ውሃ ማሞቂያ አንድ ሽቦ ነቅሎ ሁለተኛውን በጣቱ ሲፈልግ፣ ከታችኛው ግቢ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ።

ዮፍታሔ ደርቆ ቀረ። የነቀለው ሽቦ የማሽኑን ቆርቆሮ ይንካ አይንካ አይታየውም፤ ከበሮውን የሚያዞረው ቺንጋ ግን የእጁ አንጓ ላይ ተደግፏል።

«የእነሱ መስመር ሌላ ነው፣ አይዞህ» አሉ እትዬ።

ጎረቤት ግቢም «መጣ!» አለ።

«እነዚህስ?»

«እነሱም ሌላ ናቸው።»

ክንዱን ቀስ እያለ፣ ቆርቆሮውን ሳይነካ ይስብ ጀመር። አንጓው ወጣ፤ መዳፉ ወጣ። የጣቶቹ ጫፍ ከቀዳዳው እንደተላቀቀ ኮሪደሩ ላይ አምፖል በራ፤ ቺንጋው ተፈተለከ፣ ከበሮው እያጓራ ዞረ፣ ከውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ።

ዮፍታሔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቀሳቸው።

እትዬ የማርያምወርቅ አጨበጨቡ።

«ሠራ! ለካ ብዙም አልተበላሸም ነበር።»